ትልቅ ውሻችሁ ሌላ ውሻ ሲያይ ገመድ እንዳይጎትት እንዴት ታሠለጥኑታላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ውሻ ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም። በር ከፍታችሁ ብዙም ሳትሄዱ ጥግ ላይ የተኙት የሰፈር ውሾች ቀና ይላሉ። አንዱ ይጮሃል። ወዲያው እጃችሁ ላይ ያለው ጀርመን ሼፐርድ በኋላ እግሩ ቆሞ ገመዱን ይወጥረዋል። ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት በድንገት ወደፊት ሲወረወር በጉልበት የሚያቆመው ሰው ጥቂት ነው፣ ብዙዎች ይወድቃሉ ወይም ገመዱ ከእጃቸው ያመልጣል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ውሻው ከግቢ አይወጣም። ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው አጥሩን ብቻ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚስተካከል ነው። ለማስተካከል ጡንቻ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ርቀት፣ ጥሩ ጉርሻና ትዕግሥት ነው፤ ከሦስቱ ዋናው ርቀት ነው። ውሻ የሚማረው አእምሮው ሲረጋጋ ነው፣ የሚረጋጋው ደግሞ ከሚያስጨንቀው ነገር በበቂ ሲርቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ለምን ይጎትታል?

ሁለት ነገሮች ተደራርበው ነው። ለያይታችሁ ካላያችኋቸው ሥልጠናው ይምታታባችኋል።

አንደኛው መጎተቱ ራሱ ነው። ውሻው ሲጎትት ከተከተላችሁት፣ መጎተት እንደሚያዋጣ ተማረ። ወደ ኋላ ስትስቡት ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይበልጥ ወደፊት ይደገፋል። ስለዚህ ገመዱን አሳጥሮ ወጥሮ መያዝ፣ ሁላችንም መጀመሪያ የሚመጣልን ዘዴ፣ ነገሩን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ሌላ ውሻ ሲያይ የሚሰማው ስሜት ነው። አንዳንዱ መጫወት ይፈልግና ገመዱ ሲይዘው ይበሳጫል። አንዳንዱ ፈርቶ ነው፣ ቀድሞ ከጮኸ ያኛው የሚሄድለት ይመስለዋል። ሲጮህና ሲወረወር ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ከመጮሁ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። መጫወት የሚፈልገው ሰውነቱ ልል ነው፣ ጭራውን ከነወገቡ ያወዛውዛል፣ ያለቅሳል። የፈራው ግን ይደርቃል፣ አፉን ይዘጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ያደርጋል። ሥልጠናው ለሁለቱም አንድ ነው፤ የፈራው ግን ብዙ ጊዜና ሰፋ ያለ ርቀት ይፈልጋል።

እዚህ አገር ዋናው ምክንያት አስተዳደግ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ ልክ በዚያ ዕድሜው አምጥተን ግቢ ውስጥ እንዘጋበታለን። ሌላ ውሻ በቅርብ ሳያይ ያድጋል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በበሩ ሥር አፍንጫውን አውጥቶ በሚያልፈው ሁሉ ላይ ይጮሃል፣ የሚያልፈውም ያልፋል። እሱ ግን ያባረረው እሱ ይመስለዋል! በየቀኑ ይሄንን ሲለማመድ የኖረ ውሻ መንገድ ላይ ሌላ ነገር እንዲያደርግ መጠበቅ ከባድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በሩ ላይ ነው። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ዝጉት። መንገዱ በሚበዛበት ሰዓት ውሻውን ወደ ጓሮ ውሰዱት። መጮህ ሲጀምር እናንተም ከምትጮሁበት ይልቅ በስሙ ጠርታችሁት ሲመጣ አጉርሱት። የግቢ ጥበቃ ሥራውን ያበላሻል ብላችሁ አትስጉ፤ ማታ እንግዳ ሰው አጥር ላይ ሲወጣ መጮሁን አይተውም።

ዕቃው

ሰንሰለት ተዉ። ይከብዳል፣ እጅ ይቆርጣል፣ እናንተ ሳታስቡት ውሻው አንገት ላይ ይጎተታል። 2 ሜትር አካባቢ ርዝመት ያለው ጠንካራ የጨርቅ ወይም የቆዳ ገመድ ይበቃል። ቁልፍ ሲጫን የሚረዝምና የሚያጥረውን ዓይነት ለትልቅ ውሻ አትግዙ። ያ ገመድ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚወጠር ውሻው መጎተትን እንደ ደንብ ይይዘዋል፣ ቀጭኑ ክርም እጅ ሊቆርጥ ይችላል።

ከአንገት ማሰሪያ ይልቅ ሃርነስ፣ ደረቱንና ጀርባውን ዙሪያ የሚይዝ ማሰሪያ፣ ይሻላል፣ ግን ማንኛውም ሃርነስ አይደለም። ገመዱ ጀርባ ላይ ብቻ የሚታሰርበት ሃርነስ መጎተትን ያቀልለታል፤ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች የሚታሰሩት ከጀርባ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ደረቱ ላይ፣ ከፊት፣ ቀለበት ያለውን ነው። እዚያ ሲታሰር ውሻው በወደፊት ፋንታ ወደ ጎን፣ ወደ እናንተ ይዞራል። አንገትና ብብቱን እንዳይፍቀው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት። ገበያ ላይ በልኩ ካጣችሁ ቦርሳና ቀበቶ የሚሰፋ የቆዳ ባለሙያ ጋር ወስዳችሁ በልኩ ማሰፋት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ለጥንቃቄ ሃርነሱንና የአንገት ማሰሪያውን በአጭር ማያያዣ አገናኟቸው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።

ውሻው ከያዡ በጣም የሚከብድ ከሆነ እንደ ሃልቲ ያለ አፍንጫው ላይ የሚያርፍ ማሰሪያ ይረዳል። ለመልመድ ግን ቀናት ይፈጃል፤ ቤት ውስጥ በጉርሻ እያለማመዳችሁ አስገቡለት። በእሱ መንጠቅ ጨርሶ ክልክል ነው፣ አንገቱ ይጎዳል።

ሾህ ያለው የብረት ማሰሪያና የሚያንቅ ሰንሰለት ግን አልመክርም። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጽኑ ነው። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ ላይ ሕመም የሚሰማው ውሻ ሕመሙን ከዚያ ውሻ ጋር ያያይዘዋል። ለጊዜው ዝም ይል ይሆናል። ውስጡ ያለው ጥላቻ ግን ሊጨምር፣ አንድ ቀንም ሳያጉረመርም ሊነክስ ይችላል።

ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። በድንገት ሲወረወር ጣት ይሰበራል። አውራ ጣታችሁን በእጀታው ቀለበት አስገብታችሁ ጨብጡት፣ በሌላ እጃችሁ መሃሉን ያዙ፣ ሁለቱንም እጅ ሆዳችሁ አጠገብ አድርጉ። ሲጎትት ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ዝቅ በሉ። ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ጉርሻ ደግሞ ከልቡ የሚወደው ይሁን። እንጀራ ፍርፋሪ የመንገድ ውሻን አያስረሳም። የተቀቀለ ጉበት፣ ልብ፣ ሳንባ ወይም የዶሮ ሥጋ በአተር ፍሬ መጠን ከትፋችሁ በወገብ ቦርሳ ያዙ። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ቀቅሉት፤ ሁለቱም ሽንኩርቶች ለውሻ መርዝ ናቸው፣ ስለዚህ የተረፈ ወጥ ለዚህ አይሆንም። በሁዳዴ ሉካንዳው ሲዘጋ ለሚቸግራችሁ፣ ቀድማችሁ ቀቅላችሁ በትናንሽ ላስቲክ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ተጠቀሙ። የሰጣችሁትን ያህል ከምሳው ቀንሱ። ጠግቦ በልቶ የወጣ ውሻ ጉርሻ አያጓጓውም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ መታደሱን አረጋግጡ። ለእንስሳት ሐኪም ካሳያችሁት አይቀር ዳሌውንና እግሩን ይመልከትላችሁ። ጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፣ የሚያመው ውሻ ደግሞ ቶሎ ይቆጣል።

ግቢ ውስጥ የሚጀመረው

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ፣ ውሻ በሌለበት፣ አራት ነገር አስተምሩት።

መጀመሪያ አንድ ቃል ምረጡ። "ጎበዝ" ጥሩ ነው። "ጎበዝ" በሉና ወዲያው አጉርሱት። ምንም እንዲያደርግ አትጠብቁ፣ ዝም ብላችሁ ደጋግሙት። ትንሽ ቆይቶ ቃሉን ሲሰማ ዞር ብሎ እጃችሁን ያያል። ያን ጊዜ ቃሉ ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ አብሮ መሄድ። በግራችሁ ይሁን፣ አንድ ሁለት እርምጃ ሂዱ፣ ገመዱ ልል ከሆነ "ጎበዝ" ብላችሁ ጉርሻውን ጭናችሁ አጠገብ፣ ከሱሪያችሁ ስፌት ጋር ስጡት። ቦታው ለውጥ ያመጣል። ከፊታችሁ ከሰጣችሁት ከፊታችሁ መሄድን ይለምዳል። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። አትናገሩ፣ አትሳቡ። ዞር ብሎ ገመዱን ሲያላላ ቀጥሉ። መጀመሪያ ላይ ግቢውን አንድ ዙር ለመዞር ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻል፣ ግን እዚህ ጋ የምታጠፉት ጊዜ ኋላ መንገድ ላይ ይከፍላችኋል።

ሦስተኛው መዞር ነው። "እንሂድ!" በሉ፣ ደስ በሚል ድምፅ፣ ወዲያው ዞራችሁ ወደመጣችሁበት ሂዱ፣ ተከትሏችሁ ሲደርስ አጉርሱት። ይሄ የመሸሻ ዘዴያችሁ ነው። ስለዚህ እያሰበ ሳይሆን ሰውነቱ በራሱ እስኪዞር ድረስ ደጋግሙት፣ ምግብ ሲያይም፣ ድመት ስታልፍም።

አራተኛው "ፈልግ" ነው። ጥቂት ጉርሻ ሣር ላይ በትኑና ያሽትት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚያሸት ውሻ ይረጋጋል፣ ደግሞም ከሌላ ውሻ ጋር አይን ለአይን አይገጥምም።

ቤታችሁ ጥበቃ ካለ ወይም ውሻውን የሚይዘው ሌላ የቤተሰብ ሰው ከሆነ እሱንም አስተምሩት። አንዱ ሲጎትት ቆሞ፣ ሌላው ሲጎትት ከተከተለ ውሻው ምንም አይማርም።

በሩን መውጣት

የእግር ጉዞው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና በሩ ላይ ነው። እየዘለለ በትከሻው በሩን ገፍቶ የወጣ ውሻ መንገድ ላይ ሲደርስ ግማሽ አቅሉን ስቷል። እጀታውን ያዙ፣ ከዘለለ ልቀቁ። ሲረጋጋ ትንሽ ክፈቱ፣ ከገፋ ዝጉ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ገመዱ ልል ሆኖ ሲቆም ብቻ "እንሂድ" በሉ። እናንተ ግን ቀድማችሁ ወጣ ብላችሁ ግራ ቀኙን አይታችሁ ይሁን፤ ደጃፉ ላይ የሰፈር ውሾች ተኝተው ከሆነ ለጊዜው ይቅርባችሁ።

ርቀቱን ማግኘት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። እያንዳንዱ ውሻ ሌላ ውሻ እያየ መረጋጋት የሚችልበት ርቀት አለው። ለአንዱ 20 ሜትር ነው፣ ለሌላው ሜዳውን ሙሉ ይፈልጋል። እንዴት ታውቃላችሁ? በጉርሻ። ሌላውን ውሻ እያየ ጉርሻ በልቶ፣ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ካዞረ፣ ርቀቱ ጥሩ ነው። ጣታችሁን ሊነክስ እስኪደርስ ጉርሻውን ከነጠቀ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ጉበት አፍንጫው ሥር ተደርጎ ካላሸተተ በጣም ቀርባችኋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ማንም አሠልጣኝ ምንም ሊያስተምረው አይችልም፣ መራቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ አይመረጥም። ከፊት ውሻ ቢመጣ መሸሻ የለም። ሜዳ፣ ሰፊ መንገድ ዳር፣ ገና ቤት ያልበዛበት ሰፈር ፈልጉ። መኪና ካላችሁ ወደዚያ ይዛችሁት ሂዱ። ሰዓትም ምረጡ። የሰፈር ውሾች ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በቡድን ይንቀሳቀሳሉ፣ በተለይ ሉካንዳና የቆሻሻ ገንዳ አካባቢ። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ብዙዎቹ ተኝተው ነው የምታገኟቸው። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የተኛ ውሻን ከሩቅ ማየት ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ነው።

ሰዎችንም አስቡ። ብዙ ሰው ትልቅ ውሻ ይፈራል። ለጸሎት የሚሄድ ሰው ደግሞ ውሻ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም። ከሩቅ መንገዱን ልቀቁላቸው፣ ሰላምታ ስጡ። ውሻችሁ ከሰው ራቅ ብሎ በጸጥታ መቆምንም በዚያው ይለማመዳል።

ልምምዱ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ አንዱም አይዘለል። ውሻችሁ ያኛውን ውሻ ያያል። ባየበት ቅጽበት "ጎበዝ" ትላላችሁ። ከዚያ ታጎርሱታላችሁ። ያኛው እስካለ ድረስ፣ ባየው ቁጥር ይደገማል። ያኛው ሲሄድ ጉርሻው ይቆማል።

ውሻው ይቀድማል፣ ጉርሻው ይከተላል። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ከሩቅ ውሻ ሲያይ ይደነግጥና ቶሎ ቦርሳው ውስጥ እጁን ይከታል፣ ውሻው ቀና ሲል ጠላቱ ከፊቱ አለ። እንዲህ ሲደጋገም ጉርሻው ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ እጃችሁን ከቦርሳው አርቁ፣ እስኪያይ ጠብቁ።

ለሚፈራ ውሻ ጉርሻ መስጠት ፍርሃቱን መሸለም ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ፍርሃት ስሜት ነው፣ በሽልማት አይጨምርም። እየሆነ ያለው ሌላ ነው፦ "ውሻ መጣ" ማለት ቀስ በቀስ "ጉበት መጣ" ማለት ይሆናል።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንድ የሚያስደስት ነገር ታያላችሁ። ውሻው ያኛውን ያይና፣ እናንተ ሳትናገሩ፣ ራሱ ዞሮ ያያችኋል። ያን ጊዜ ብዙ አጉርሱት፣ አንድ በአንድ፣ እያሞገሳችሁ። ይሄ ደጋግሞ ሲመጣ ጥቂት ሜትር ትቀርባላችሁ። ተሳካ? እዚያው ርቀት ላይ ሌላም ቀን ሥሩ። ካልተሳካ ወደ ቀድሞው ተመለሱ፣ ነውር የለውም። ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውሻው አትሂዱ። ውሾች ፊት ለፊት መምጣትን እንደ ድፍረት ያዩታል፤ በጎን በኩል ቅስት ሠርታችሁ እለፉ።

10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ዝም ብሎ ያሽትት፣ ይዙር። በየቀኑ የግድ አይደለም። የተኛ ውሻ ከቆመው ይቀላል፣ የቆመው ከሚሄደው፣ ዝም ያለው ከሚጮኸው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ርቀቱንም ከባድነቱንም አትጨምሩ። ወንድ ውሻ ካላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ሆና ወንዶቹ ሲከተሏት ካያችሁ በዚያ በኩል አትለፉ። በዚያ ወቅት ጉበትም አይሠራም።

ድንገት ሲያጋጥም

ጥግ ስትዞሩ ውሻ ፊታችሁ ቢቆም፣ "እንሂድ!" እና መዞር። መዞር ካልተቻለ የቆመ መኪና ወይም የአሸዋ ክምር ከዚያ ውሻ ጋር በመካከላችሁ አድርጉና "ፈልግ" ብላችሁ ጉርሻ በትኑ። ውሻችሁ በጩኸት ቢፈነዳ አትጩሁበት፤ የእናንተ ጩኸት ለእሱ አብሮ መጮህ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ራቁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት፣ በማግሥቱም ዕረፍት። ያንን ያህል የተቆጣ ሰውነት በአንድ ሰዓት ውስጥ አይበርድም፣ ያልበረደ ውሻ ደግሞ በትንሽ ነገር ይነሳል።

የሰፈር ውሾች ራሳቸው ወደ እናንተ ሲመጡ ነው ትልቁ ፈተና። አትሩጡ። ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙና ጎንበስ በሉ፣ ድንጋይ እንደምታነሱ። ይሄን የማያውቅ የሰፈር ውሻ የለም፣ አብዛኛው እዚያው ይመለሳል። መወርወር ግን አያስፈልግም፣ እባካችሁ አትወርውሩ። የተመታው ውሻ ሲጮህ የእናንተውም ይነሳል፣ ሌሎቹም ይሰበሰባሉ። በምትኩ እፍኝ ጉርሻ ወደነሱ በትናችሁ በእርጋታ ራቁ። በየቀኑ በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ ደግሞ ይለምዷችሁና መጮህ ያቆማሉ።

አፍንጫ ለአፍንጫ ከተገናኙ ገመዱን አላሉት። የተወጠረ ገመድ አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ወደፊት ያደርገዋል፣ ለሌላው ውሻ ደግሞ ያ የጠብ ምልክት ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቃችሁ "እንሂድ"። ከተጣሉ እጃችሁን አፋቸው መሃል አታስገቡ፤ ውኃ ድፉባቸው ወይም ካርቶንም ሆነ ጃኬት በመካከላቸው አስገቡ።

ሰው ከተነከሰ፣ ወይም በጥርስ ትንሽ እንኳ ከተጫረ፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው። "ቆይ እንይ" የሚባል ነገር የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ በክትባት ግን ይከላከሉታል።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ችግራችሁ ይለያል። ልቅ ውሻ ብዙም የለም፤ ያለው "የኔ ውሻ ሰው ወዳድ ነው" እያለ ገመዱን ለቆ የሚመጣ ጎረቤት ነው። "አይ፣ እየሠለጠነ ነው" ብላችሁ መንገድ ተሻገሩ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ። አፓርትመንት ከሆነ ደግሞ ሊፍቱ ውስጥ ውሻ ካለ ቀጣዩን ጠብቁ፣ ሲከፈትም በሩ ፊት ለፊት አትቁሙ። ልቅ ውሾች የሚጫወቱበት የውሻ መናፈሻ ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ቦታው አይደለም።

"ይለመድ" ብሎ ውሾች መሃል ማስገባትም በየትኛውም አገር ያው ነው። ማምለጫ ያጣ ውሻ ወይ ይነክሳል ወይ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘው የተማረ ይመስላል፣ አልተማረም። ማኮላሸትም ሴት ፍለጋ መዞርን ሊቀንስ ይችላል፣ ፍርሃትን ግን አያክምም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፣ ቡችላ በሳምንታት ይለወጣል፣ ዓመታት በሩ ሥር ሲጮህ የኖረ ውሻ ግን ወራት ይፈልጋል። ሰው ወይም ውሻ ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ እንደ ቅርጫት የተሠራ፣ እንዲያለከልክና ውኃ እንዲጠጣ የሚያስችል የአፍ ማሰሪያ አለማምዳችሁት ብቻ አውጡት፤ በእሱ ቀዳዳ ጉርሻ መስጠትም ይቻላል።

ልል ገመድ ይዞ ውሻ ማለፍ ሲችል ጉርሻውን በአንድ ጊዜ አትቁረጡበት። መጀመሪያ ለቀላሉ ውሻ፣ ለተኛው፣ "ጎበዝ" ብቻ ይበቃዋል። ለሚጮኸው፣ ድንገት ከጥግ ለሚወጣው፣ ቡድን ሆኖ ለሚመጣው ግን ጉበቱ ይቀጥል፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን። የወገብ ቦርሳውን በር ላይ፣ ከገመዱ ጋር አንድ ላይ ስቀሉት።